የሎጥ እንግዶች፦ በወሎ ምድር ስለ አንድ የቆየ ጥላቻ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሲደርስ፣ በምዕራብ በኩል የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ የቆመበት፣ በምሥራቅ በኩል የዞብል ሰንሰለት ከአፋር ምድር የለየው ሰፊ ሜዳ ያያል። ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ይህ የራያ ቆላ ዝናብ በሰጠው ዓመት ጎተራ ነው፤ ዝናብ በነሣው ዓመት ደግሞ ስሙ ከረሀብ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን እልቂት በፊልም ለዓለም ሲያሳይ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚሁ ሜዳ በላይ ከተቀመጠችው ከኮረም የተነሣው ፊልም ዓለምን ሲያስለቅስ፣ ገበሬው ስለ መከራው ምክንያት ተጠይቆ የሚሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም «ኃጢአታችን በዛ» ይል ነበር።

የረሀቡን እውነተኛ መንሥኤ ዛሬ ለአንባቢ መዘርዘር አያሻም። የዝናቡ መጥፋት፣ የጭሰኛው መራቆት፣ ነገሩን ደብቆ የያዘው መንግሥት፣ ኋላም ጦርነቱ በታሪክ ተመዝግበዋል። ይሁን እንጂ በገበሬው አባባል ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «ኃጢአታችን» ይላል እንጂ «ኃጢአታቸው» አይልም። ተናጋሪው ራሱንም ከበደለኞቹ ጋር ይቆጥራል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያ ቃል ተለውጦ «ኃጢአታቸው» የተባለበትን መንገድ፣ ይልቁንም በፆታ ተመሳሳያቸውን በሚያፈቅሩ ወንዶችና ሴቶች ላይ በኅብረተሰባችንና በሃይማኖቶቻችን ውስጥ ሥር የሰደደውን ጥላቻ ታሪክ ነው። ነገሩ በአደባባይ ሲነሣ ጆሮ የሚያስይዝ መሆኑ የታወቀ ነው። ጆሮ በተያዘ ቁጥር ግን ታሪኩ ለወሬ ተትቷል።

መዓትን በእነዚህ ሰዎች ላይ መለጠፍ የተጀመረው በእኛ ምድር አይደለም። ወደ አክሱሙ ንጉሥ ወደ ካሌብ መልእክተኛ የላከው የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ እ.ኤ.አ. በ538 ባወጣው ደንብ፣ ወንድ ከወንድ ጋር በሚፈጽመው ድርጊት ምክንያት ረሀብ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ቸነፈር እንደሚመጣ አውጇል። እ.ኤ.አ. በ559 ደግሞ ይህንኑ የሚያጠናክር ሌላ ደንብ አወጣ። በሁለቱ ደንቦች መካከል ከተማውን የፈጀ ታላቅ ወረርሽኝ መድረሱ ይታወቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ለጦርነቶቹና ለሕንፃዎቹ ሕዝቡን በግብር ያራቆተ ሰው ነበር። በሕዝቡ ላይ ለደረሰው መከራ ተጠያቂ ሲፈለግ ግን ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ በየጓዳው የተሸሸጉ ጥቂት ሰዎች ተገኙ። በመንግሥትና በሃይማኖት ኃይል የተደገፈው ጥላቻ በሕግ መልክ ጎልቶ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው።

የቁስጥንጥንያ ሕግ ወደ እኛ የደረሰበትን መንገድ መከተል ይቻላል። በ13ኛው መቶ ዓመት አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የተባለው ግብፃዊ የቅብጥ ሊቅ የቤተ ክርስቲያንን ቀኖናና የቢዛንታይንን ዓለማዊ ሕግ አዋሕዶ በዐረብኛ አንድ መጽሐፍ አዘጋጀ። ትውፊታችን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ የሚለው ይህ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች፣ ማለትም ሠለስቱ ምእት፣ ሥራ ነው ተብሎ ስለ ታመነ ፍርዱ ሁሉ የሰማይ ሥልጣን ያለው ሆኖ ተቈጠረ። ስለ ዝሙት በሚናገረው ክፍል የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ከጽኑ በደሎች ተርታ ተመድቧል። በዚህ አኳኋን የአንድ የሩቅ አገር ንጉሠ ነገሥት ሥጋት በአረብኛና በግእዝ ተሻግሮ የአገር ሕግ ሆነ። «ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው» የሚለውን ወቀሳ ደጋግመን እንሰማለን። ቅጣቱ ከውጭ መምጣቱን ግን ማንም አያነሣም።

የጥላቻው ሥር ግን ሕግ ብቻ አይደለም። ስሙ ራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዳ ነው። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ሰውን በስም ሳይሆን በተቃጠለች ከተማ ይጠራዋል። እስላሙም የነቢዩ ሉጥን ሕዝቦች ታሪክ ከቁርዓን ያውቃል። እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን የበዓላት አቆጣጠር ለሚያውቅ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሐምሌ 7 ቀን ሥላሴ በእንግዳ አምሳል ወደ አብርሃም ቤት መግባታቸው ይከበራል። አብርሃም እግር አጠበ፣ ጥጃ አረደ፣ እንጎቻ አስጋገረ። በኦሪት ዘፍጥረት የሚቀጥለው ምዕራፍ እንደሚያስረዳው ከዚያ ቤት የወጡት መላእክት ወደ ሰዶም ወረዱ፤ ሎጥም ተቀበላቸው፤ የከተማው ሰው ግን እንግዶቹን ሊያዋርድ በሩን ከበበ። ሁለቱ ምዕራፎች ጎን ለጎን የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ እንግዳ የከበረበት ቤት፣ ሌላው እንግዳ የተደፈረበት ከተማ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በ16ኛው ምዕራፍ የሰዶምን በደል ሲቈጥር ትዕቢትን፣ እንጀራ መጥገብንና ድሃን አለመርዳትን ያስቀድማል። በማቴዎስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍም ሰዶም የምትነሣው መልእክተኞቹን ከማይቀበል ከተማ ጋር ተነጻጽራ ነው።

ሊቃውንት ሌላ ትርጓሜ እንዳላቸው፣ ከጥንትም ጀምሮ ዝሙቱን አስቀድመው የተረጐሙ እንዳሉ አይካድም። ጽሑፉም ከትርጓሜ ቤት ወንበር ላይ የመቀመጥ ድፍረት የለውም። ነገር ግን የራያን ሰው የሚያውቅ አንባቢ ሊያስብበት ይገባል። በዚህ ቆላ መንገደኛ መሽቶበት «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ሲቆም ሃይማኖቱ አስቀድሞ አይጠየቅም። በሰዶም ታሪክ በሩን የከበበው ብዙው ሲሆን በውስጥ ያለው ጥቂቱ ነበር። ዛሬ በታሪኩ ስም ደጅ የሚከበበው የማን ነው?

ከመጻሕፍቱ ወደ ኑሮው ስንመለስ ሌላ ነገር እናገኛለን። በቆላው ባህል «ወንድ» የፆታ ስም ብቻ አይደለም፤ የምግባር ስም ነው። «ወንድ ነው» ማለት ደፋር ነው፣ ቃሉን ይጠብቃል፣ ደሙን ይመልሳል ማለት ነው። በፉከራውና በቀረርቶው የሚወደሰው ይኸው ነው። በአንጻሩ «ሴታሴት» የፈሪ ስድብ ነው። «ወንዳወንድ» የተባለች ሴት ግን አንዳንድ ጊዜ በሐሜት፣ አንዳንድ ጊዜ በግማሽ አድናቆት ትነሣለች። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ወደ ወንድነት መጠጋት ከፍታ፣ ወደ ሴትነት መጠጋት ውርደት ነውና። በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ላይ የሚወርደው ንቀት መጀመሪያ ለሴቶች ከተመደበው ንቀት የተቀዳ ይመስላል። የሴቶችን እኩልነት ጉዳይ በጉባኤ የሚያስተምር ካድሬም ሆነ መምህር ይህን ዝምድና አስተውሎ አያውቅም ማለት ያስደፍራል።

ያም ሆኖ የገበሬው ኅብረተሰብ ከልማዱ ወጣ ያለውን ሰው ሁሉ በአንድ ዐይን ሲያይ አልኖረም። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1957 ለዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የአማራን ደጋ ገበሬ ኑሮ በሚገልጸው ሥራው፣ የሴት ሥራ የሚሠሩና ከሴቶች ጋር የሚውሉ ወንዶች እንዳሉ፣ እነዚህንም ሕዝቡ የፈጣሪ ስሕተት አድርጎ እንደሚያያቸው ጽፏል። ሴቶቹ እንደ ወንድም ይቈጥሯቸዋል፤ ባሎችም አይቀኑባቸውም ይላል። «የፈጣሪ ስሕተት» መባል ክብር አይደለም። ቢሆንም የራሳቸው በደል ነው ከመባል እጅግ የራቀ ነው፤ እግዚአብሔር በፈጠረው ነገር ማን ይፈርዳል እንደ ማለት ነው። በደቡብም በማሌ ሕዝብ መካከል «አሽቲሜ» ተብለው የሚጠሩ፣ የሴት ልብስ የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ ወንዶች እንደ ነበሩ፣ በ19ኛው መቶ ዓመትም በባላባቱ ግቢ የታወቀ ቦታ እንደ ነበራቸው ዶናልድ ዶናም መዝግቧል። ይኸው ምሁር ኋላ ስለ ማሌና ስለ አብዮቱ ሌላ መጽሐፍ የጻፈ ነው። ስለ ራያ እንዲህ ያለ የተጻፈ ጥናት ባይኖርም፣ የሰው ባሕርይ ከአለውሃ ወንዝ ማዶና ወዲህ ይለያያል ብሎ የሚከራከር አይገኝም።

ጽሑፍን ካነሣን ዘንድ በቅርቡ የተነሣውን አንድ ክርክር ማለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት ተቃውማ የታገለችውን ቅድስት (1592–1642 እ.ኤ.አ.) ሕይወት ይተርካል። ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር እ.ኤ.አ. በ2015 ገድሉን በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙ፣ ስለ ወጣት መነኮሳዪያት የሚናገር አንድ ስፍራ የሴት ለሴት ፍትወትን ያመለክታል ብለው ተረጐሙ። ከባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራትንም ፍቅር በዚህ ብርሃን አዩት። የተቃውሞው ማዕበል ወዲያው ተነሣ። ዶክተር ይርጋ ገላውም እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ ትርጉሙ የግእዙን ቃልና የቤተ ክርስቲያኑን ዕውቀት ያዛባ፣ የቅኝ ገዥነት መንፈስ ያለበት ነው ሲሉ ተከራከሩ።

በዚህ ጽሑፍ አስተያየት የተቃዋሚዎቹ ክርክር ባንድ በኩል ክብደት አለው። ቅድስቲቱንና ባልንጀራዋን ያስተሳሰረው ፍቅር በገዳም ቋንቋ የተነገረ ነውና ወደ ዛሬ ስያሜ ጎትቶ ማምጣት አያስፈልግም። ነገር ግን ከአንድ ግሥ ትርጉም የተነሣው ሙግት ከጥቂት ጊዜ በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር በዚህች አገር ታስቦም አያውቅ» ወደሚል መሐላ ተለወጠ። እዚህ ላይ ማስረጃው አይተባበርም። በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ጳኩሚስ በግብፅ ለመነኮሳት ያወጣው ሥርዓት ሁለቱ በአንድ ምንጣፍ እንዳይተኙ፣ በጨለማ እንዳይነጋገሩ ይከለክላል። ወደ ግእዝም የተመለሱ የጳኩሚስ ሥርዓቶች አሉ። አባቶች የሰውን ባሕርይ ያውቁ ነበር፤ ያልታሰበ ነገር አይከለከልምና።

ወደ ዘመናዊው ሕግ እንምጣ። በ1949 ዓ.ም. የታወጀውና ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 600 ከተመሳሳይ ፆታ ጋር የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እስራት ይቀጣ ነበር። የሕጉ አርቃቂ ስዊሱ ዣን ግራቨን ነው። የሚያስገርመው ግን በዚያን ጊዜ የገዛ አገሩ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በአዋቂዎች ፈቃድ የሚፈጸመውን ግንኙነት መቅጣት ካቆመ 15 ዓመት አልፎት ነበር። በጎረቤታችን በኬንያ እንዲሁም በኡጋንዳ እንዲህ ያለውን ድንጋጌ የጻፈው የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ ነው። እኛ ግን ማንም ሳያስገድደን የራሳችን አድርገን አጸደቅነው። አብዮቱ የንጉሡን ሥርዓት ሲገረስስ፣ የመሬቱን አዋጅ አውጆ ጭሰኛውን ከባላባቱ ሲያላቅቅ፣ ይህችን አንቀጽ አልነካትም። የዘመኑ የሶሻሊስት አገሮችም አቋም አንድ አልነበረም። በ1922 እ.ኤ.አ. ሕጓ ቅጣቱን የተወችው ሶቭየት ኅብረት በ1934 መልሳ አመጣችው። ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ በ1968 ሠረዘችው። በሞስኮ የቡርዥዋ ብስባሴ ሲባል፣ በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣ ትእዛዝ እነዚሁ ሰዎች ለአገር ደኅንነት አስጊ ናቸው ተብለው ከመንግሥት ሥራ ይባረሩ ነበር። እንግሊዝም በጥንት ሕጓ ነገሩን በቡልጋሮች ስም ሰይማው ነበር። ሁሉም ከጎረቤት መጣብኝ ይላል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ አንቀጹን በቁጥር 629 አስቀጠለው። መሠረታዊው ቅጣት አሁንም ቀላል እስራት ሲሆን፣ በ630 በተዘረዘሩ ከባድ ሁኔታዎች እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ከሕጉ ይልቅ የአደባባዩ ድምፅ የበረታው ከዚህ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የእስልምናና የፕሮቴስታንት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው እገዳው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ የሚጠይቅ የአቋም መግለጫ አወጡ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ መሆኑን ገልጸው ነበር። በወሎ በአንድ ቤት ውስጥ ክርስቲያንና እስላም ወንድማማች ሆነው ሲኖሩ እንኳ የሚበሉት ሥጋ የተለያየ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሁሉም ከአንድ ገበታ ቀረቡ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ድርጊቱን ይቅርታ ከማይደረግላቸው ወንጀሎች የሚደምር ሐሳብ በሕግ ረቂቅ ላይ ቀርቦ ነበር፤ ሰላማዊ ሰልፍም ተጠርቶ ነበር። መንግሥት ሁለቱንም ተወ። የመንግሥቱ ቃል አቀባይ አቶ ሬድዋን ሁሴን ነገሩ እንደሚወራው አሳሳቢ አለመሆኑን ተናገሩ።

ወደ ራያ ቆላ እጅግ የቀረበው ግን የ2011 ዓ.ም. ነገር ነው። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ወር «ቶቶ ቱርስ» የተባለ መቀመጫው ቺካጎ የሆነ አስጎብኚ ድርጅት ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ደንበኞቹ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ጉዞ ላሊበላን እንደሚጨምር ተሰማ። ላሊበላ ከቆቦ ጋር በአንድ በሰሜን ወሎ ዞን ውስጥ ነው። የመንፈሳዊ ማኅበራት ኅብረት የሆነው «ሠለስቱ ምእት» መንግሥት ጉዞውን እንዲያግድ ጠየቀ። የጉዞው አዘጋጆች የግድያ ዛቻ እንደ ደረሳቸው ተናገሩ። ፍትሐ ነገሥትን ጻፉ የሚባሉት የ318ቱ አባቶች ስም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ለዚሁ ጉዳይ መመለሱን የታሪክ ተመልካች ሳይገረም አያልፍም።

ሰው ለቅዱስ ስፍራ ክብር መቆርቆሩ አያስነውርም፤ ምእመኑ በላሊበላ በባዶ እግሩ የሚቆመው በዚሁ ስሜት ነው። ነገር ግን ወደ ላሊበላ ከሚጎርፈው የውጭ ጎብኚ መካከል ስንቱ ሌባ፣ ስንቱ ሐሰተኛ፣ ስንቱ አመንዝራ እንደ ሆነ በበር ላይ ተጠይቆ አያውቅም። እንዲመረመር የተፈረደበት ይህ አንዱ ብቻ ነው። የዛቻው ትርፍም የተረፈው ለቺካጎው ጎብኚ አይደለም። እርሱ ጉዞውን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። በወልድያ፣ በቆቦ፣ በአላማጣ የሚኖረውና በዚያን ሰሞን በሬዲዮና በቡና ስብሰባ ስለ ራሱ የሚባለውን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሰማው የአገር ልጅ ግን የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም።

አሠራሩ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። ማረሻውን የሚቀጠቅጥለትን አንጥረኛ፣ እንስራውን የምትሠራለትን ሸክላ ሠሪ ለብዙ ዘመን «ቡዳ» ብሎ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ሲፈራና ሲያገል ኖሯል። ልጅ ሲታመም፣ ከብት ሲሞት ተጠያቂው ይህ ሰው ነበር። በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌው በተደረገው ትምህርት ይህ የገዥዎች ሥርዓት የተከለው ኋላ ቀር አመለካከት መሆኑ ተነግሯል፤ ጉዳዩ ፈጽሞ ባይጠፋም ዛሬ በአደባባይ የሚሟገትለት የለም። ሁለቱ ጥላቻዎች አንድ ናቸው አይባልም፤ ቀጥቃጩን የሚያወግዝ ቅዱስ መጽሐፍ የለምና። ስውር ነው የሚባለውን ሰው ለግልጹ መከራ ተጠያቂ ማድረጉ ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ፀጥታ ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ፤ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የተጠርጣሪዎችን ፎቶግራፍ እያሰራጩ ይገረፉ፣ ይገደሉ የሚሉ ድምፆች በዙ። በስደት ባሉ ኢትዮጵያውያን የሚንቀሳቀሰው «ቤተ ጉራማይሌ» ይህን በመቃወም መግለጫ አወጣ። ጉራማይሌ እናቶቻችን በድዳቸው ላይ የሚያስነቅሱት፣ ጥቁሩ ከቀዩ የሚፈራረቅበት ጌጥ ስም መሆኑን ለከተማ ልጆች ማስታወስ ሳያሻ አይቀርም።

ጥቆማ ሲለመድ ከተጠቆመው ሰው አልፎ ሁሉን ይነካል። በቆቦ ገበያ ሁለት ጎልማሶች ጣታቸውን አቆላልፈው እየተጨዋወቱ ሲሄዱ የሚያየው የውጭ ሰው ይገረም ይሆናል እንጂ የአገሩ ሰው ጓደኝነት መሆኑን ያውቃል። ይህን የመሰለ ያማረ ልማድ ያቆየን ጥርጣሬ ስላልነበረን ነው። ሰው ሁሉ የባልንጀራውን እጅ ሲይዝ ዙሪያውን የሚቃኝበት ቀን ቢመጣ፣ ልማዱን ያጠፋው ከውጭ የመጣ ባህል ነው ብለን ማመካኘት አንችልም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኅብረተሰብ ጥናት መምህር ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚኖሩ ወንዶችን አነጋግረው ነበር። የሚገልጹት ኑሮ የፍርሃት ኑሮ ነው። ለመሸሸግ ሲሉ ሚስት ያገቡ አሉ፤ የሃይማኖታቸው ፍርድ በውስጣቸው ገብቶ ራሳቸውን የሚጠሉ አሉ። በሽታ ሲይዛቸው ለሐኪም እውነቱን ለመንገር የሚደፍሩት ጥቂቶች ናቸው። ሚስቲቱ ሳታውቅ የምትሸከመውን አደጋ የኤች አይ ቪ ትምህርት የሚሰጥ ሁሉ ሊያስበው ይገባል፤ በጥላቻው የተጎዱት ሰዎች ሲቈጠሩ እርሷም አለችበትና።

በመንገድ የሚሰደቡበት ስም ብዙ ነው፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበትን ቃል ግን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። «ዜጋ» ይባባላሉ።